ሦስት ጊዜ የተሰበረው በር

ካራማራ ከጅግጅጋ በስተምዕራብ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሜዳውን እንደ አጥር የሚዘጋ የተራራ ሰንሰለት ነው። ከሐረር የሚመጣው መንገድ ተራራውን የሚያቋርጥበት መተላለፊያ በእንግሊዞች የጦር ታሪክ ማርዳ ተብሎ ይጠራል። ከተራራው በስተምሥራቅ ሜዳው እስከ ሶማሌላንድ ድንበር ይዘረጋል፤ በስተምዕራብ ያለው አገር ደግሞ ሸለቆና ኮረብታ ነው። ስለዚህ ከምሥራቅ ወደ ሐረር የሚዘልቅ ጦርም ሆነ ከሐረር ወደ ጅግጅጋ የሚወርድ ጦር ይህን በር ሳይነካ ማለፍ ይከብደዋል። ከ1933 እስከ 1970 ዓ.ም. ባሉት 37 ዓመታት በሩ በጦር ኃይል ሦስት ጊዜ ተሰብሯል። በዙሪያው የወደቁት ሰዎች ኢትዮጵያውያን፣ ሶማሊያውያን፣ ናይጄሪያውያን፣ ጣሊያኖችና ኩባውያን ናቸው። የአባቱን ወይም የአያቱን ዱካ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ታዲያ በዚህ አንድ መንገድ ላይ የሚያነበው ታሪክ እንደ መጣበት አገር ይለያያል።

የጉዞው መነሻ ብዙውን ጊዜ ሐረር ነው። በከተማዋ የሚገኘው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ጣሊያንን ከምሥራቅ አፍሪካ ለማስወጣት በተደረገው ዘመቻ ለወደቁ ወታደሮች የተሠራ ነው። ከሐረር ወደ ምሥራቅ ሲወጣ መንገዱ በቢሲዲሞ በኩል አድርጎ ባቢሌ ይደርሳል፤ ቀጥሎ አንዱ ቋጥኝ በሌላው ጫፍ ላይ የተቀመጠበት የዳካታ ሸለቆ ይመጣል። ጎብኚዎች ለፎቶግራፍ የሚቆሙበት ይህ የድንጋይ አገር በ1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች ሐረርን ለማዳን የተከላከሉበት መስመር ነበር። አጥቂው ጦር ግን የመጣው ከወዲያ፣ ከጅግጅጋ በኩል ነው።

በየካቲት 1933 ዓ.ም. ሞቃዲሾ በእንግሊዝ እጅ ከወደቀች በኋላ፣ 23ኛው የናይጄሪያ ብርጌድ ወደ ሰሜን ገሠገሠና 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ በ17 ቀን አቋርጦ መጋቢት 8 ቀን ጅግጅጋ ገባ። ከአንድ ቀን በፊት ከኤደን የተነሣ ጦር በርበራ ላይ አርፎ ነበር። ጣሊያኖች ከተማዋን ሳይዋጉ ለቀው ማርዳ ላይ መሽገዋል። ከተራራው ግራና ቀኝ ያሉት ኮረብቶች ሜዳውን ወለል አድርገው ያሳያሉ፤ ከሥር የሚመጣ ወታደር የሚከለልበት ነገር የለውም። መጋቢት 12 ቀን ናይጄሪያውያኑ በደቡብ አፍሪካ መድፎች ታግዘው ኮረብቶቹን ገፉ፤ ውጊያው ቀኑን ሙሉ ቆይቶ ጣሊያኖች በሌሊት ለቀው ሸሹ። ባቢሌና ቢሲዲሞ ላይ እንደገና ከተታኮሱ በኋላ መጋቢት 17 ቀን ሐረር ተያዘች። ዛሬ ይህን የሚያስታውስ ሰው በካራማራ መንገድ ላይ ከሚያልፉት መካከል ጥቂት ነው፤ ካራማራ ሲባል ለኢትዮጵያዊ የሚታሰበው 1970 ዓ.ም. ነው።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ከምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር ጋር ሆኖ ኦጋዴንን ወረረ። ጎዴ በሐምሌ ወደቀች። ጅግጅጋን የያዘው የኢትዮጵያ ጦር ብርቱ የታንክ ውጊያ አደረገ፤ ሆኖም በራሱ ውስጥ አመፅ ተነሥቶበት ከተማዋን ለቀቀ። ከተማዋ የወደቀችው መስከረም 2 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ሦስተኛ የአብዮት በዓሉን በሚያከብርበት ቀን። የካራማራ በርም ወዲያው ተያዘና ጦርነቱ ወደ ሐረር ዳርቻ ተጠጋ። ሐረርና ድሬዳዋ ግን አልተያዙም። በዚያው ወራት ሶቪየት ኅብረት ፊቷን ከሞቃዲሾ ወደ አዲስ አበባ አዞረች፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የኩባ ወታደሮች መጡ፤ በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠኑ የገበሬ ሚሊሺያዎችም ወደ ምሥራቅ ዘመቱ።

የመልሶ ማጥቃቱ ብልሃት በሩን ፊት ለፊት አለመምታት ነበር። በየካቲት 1970 ዓ.ም. አንድ ኃይል ተራራውን በስተሰሜን ዞሮ፣ በሄሊኮፕተር በተጓጓዘ ጦርና መሣሪያ ተረድቶ፣ ከካራማራ ጀርባ ብቅ አለ። ከፊት ለፊትም ሌላው ጦር ከሐረር በኩል ተጫነ። የካቲት 26 ቀን ጅግጅጋ ነፃ ወጣች። ከአራት ቀን በኋላ የሶማሊያ መንግሥት ጦሩን እንደሚያስወጣ አስታወቀ። ዘማች አባቱ በዚህ የቀረበት ሰው መንገዱ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ቢመለከት፣ የዞረው ጦር ያቋረጠው ገደልና ጭንጫ ከአስፋልቱ አይታይም። የጦርነቱ ቁልፍ ቦታ ከመንገዱ ውጭ ነው።

ከተራራው ወርዶ የሚገባባት ጅግጅጋ ራሷ ከጦር ሰፈር የተወለደች ከተማ ናት። በ1885 ዓ.ም. እንግሊዛዊው መኮንን ስዌን ሲያልፍባት ያገኘው፣ በውኃ ጉድጓዶች አጠገብ በአጥር የተከበበ ትንሽ ምሽግና 25 ያህል ወታደሮችን ነው። በ1892 ዓ.ም. የሶማሌው መሪ የሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰን ተዋጊዎች፣ ደርቪሾቹ፣ ሰፈሩን አጠቁ፤ ብዙ ሰው ወደቀባቸው። ከተማዋን በፕላን ያስቀየሱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ ስማቸው በአብዛኛው የሚነሣው በ1923ቱ ሕገ መንግሥትና በፋቡላ ተውኔት ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ የጦሩ አዛዥ ግራዚያኒ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ሊጎበኝ ገብቶ ወለሉ ላይ በነበረ ጉድጓድ ወድቆ ተጎዳ። ሆን ተብሎ የተሸፈነ ወጥመድ ነው ብሎ እንደጠረጠረ ይነገራል። ዛሬ በጅግጅጋ መሐል በፈረስ ላይ የተቀመጠ የሰይድ መሐመድ ሐውልት ቆሟል፤ የአየር ማረፊያው ደግሞ በጋራድ ዊልዋል ስም ይጠራል። የደርቪሾቹን መሪ የሚያስታውስ ሐውልት እነሱ ካጠቁት ምሽግ በተወለደች ከተማ መቆሙ የሚያስገርም ቢመስልም፣ ለጅግጅጋ ተወላጅ የዘወትር ነገር ነው።

ከጅግጅጋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቀብሪደሃር የሚያደርሰው መንገድ የ1928ቱን ዘማቾች ልጆች ይጠራል። ደገሃቡር አጠገብ ሳሳበነህ ላይ ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል የቱርኩ ጄኔራል ዋሂብ ፓሻ በነደፉት ምሽግ በሚያዝያ ተዋጉ። ከዚያ በፊት ቆራሄ ላይ ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት በአውሮፕላን ቦምብ ቆስለው ጦራቸውን አልለይም ብለው በጥቅምት መጨረሻ አረፉ። ወደ ምሥራቅ ያለው መንገድ ደግሞ በቀብሪበያህና በሐርትሼክ በኩል ወደ ድንበሩ ይሄዳል። ሐርትሼክ በ1980 ዓ.ም. ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች የሰፈሩባት፣ በዘመኑ ከዓለም ግዙፍ የስደተኞች መጠለያዎች አንዱ የነበረች ቦታ ናት።

ለ1970ው ጦርነት ሟቾች የቆመው ዋናው ሐውልት ግን በዚህ መንገድ ላይ አይገኝም። አዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው ትግላችን ሐውልት በመስከረም 1977 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 50 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ሰሜን ኮሪያውያን በሠሯቸው ግድግዳ ቅርጾች ተከብቧል። በግቢው ውስጥ የወደቁ ኩባውያን ምስሎች በተርታ ተሰቅለዋል። የካቲት 26 ቀን የቀድሞ ሠራዊት አባላትና ቤተሰቦቻቸው የአበባ ጉንጉን የሚያስቀምጡት በዚሁ ሐውልት ሥር ነው፤ ከካራማራ በር በመኪና መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ።