የላቀ ተሰጥኦ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጥ ትምህርት በምን ይመዘናል?

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ አካባቢ የሚገኘው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ስያሜውን ያገኘው በ1933 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ አርበኞች ጎን ተሰልፎ ፋሺስት ኢጣሊያን ከተዋጋው እንግሊዛዊ መኮንን ከኦርድ ዊንጌት ሲሆን፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ብሩህ ተማሪዎች በአዳሪነት ይማሩበት ነበር። ከተመራቂዎቹ አንዱ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ናቸው።

የታወቁ ተመራቂዎች ዝርዝር ግን ስለ ትምህርቱ ጥራት ብቻውን አይመሰክርም። ከበር ላይ ጎበዙን ለይቶ ያስገባ ትምህርት ቤት ጎበዝ ቢያስመርቅ፣ ምን ያህሉ የመምህራኑ ድካም፣ ምን ያህሉ የመራጩ ፈተና ሥራ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ጥያቄው በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን እንደገና ተነሥቷል። ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ጎልተው ከታዩት መካከል ተማሪዎችን መርጠው የሚቀበሉ አዳሪና ልዩ ትምህርት ቤቶች ይገኙበታል።

ለዚህ የተሻለው መለኪያ የመግቢያውን ነጥብ ለጥቂት ያለፉትን ለጥቂት ከወደቁት ጋር ማነጻጸር ነው፤ ሁለቱ ወገኖች በችሎታ እምብዛም አይለያዩምና። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በቦስተንና በኒውዮርክ በፈተና የሚገባባቸውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዚሁ ስልት መርምሮ፣ በተማሪዎቹ የፈተና ውጤት ላይ ያመጡት ለውጥ እጅግ ጥቂት መሆኑን አሳይቷል።

ይህን ግኝት እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት አይቻልም። በቦስተን መግቢያውን ያጣ ልጅ የሚመለሰው ቤተ ሙከራና መጻሕፍት ወዳሉት ትምህርት ቤት ነው፤ እዚህ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። ስልቱም ቢሆን የሚናገረው በድንበሩ ላይ ስላሉት እንጂ ከሁሉ ልቀው ስለሚገኙት አይደለም። ለእነዚህ ደግሞ የክፍላቸው መደበኛ ፈተና አያገለግልም፤ ገና ሲገቡ መቶ ከመቶ የሚያመጣ ተማሪ ምን እንደጨመረ በዚያው ፈተና አይታወቅምና፣ ከክፍሉ ከፍ ያለ ጥያቄ ወይም በራሱ የሠራው የምርምር ሥራ ሊታይለት ይገባል።

ምዘናው በአብዛኛው የሚዘነጋቸው ከግቢው ውጭ የቀሩትን ነው። መምህር ባልተሟላለት የገጠር ትምህርት ቤት የተማረች ልጅ ተሰጥኦ ቢኖራትም የመግቢያውን ፈተና ላታልፍ ትችላለች። ብርቱ ተማሪዎቹን በየዓመቱ የሚያስረክበው ትምህርት ቤትም፣ ደካሞቹን ያስጠኑ የነበሩ ጓደኞቻቸውን አብሮ ያጣል።