ፈቃዱን ማን ሰጠው?

አዴት ተቀምጦ ሬዲዮ የሚከፍት ሰው «ጣቢያው የማን ነው?» ይል ይሆናል እንጂ «ፈቃዱን ማን ሰጠው?» አይልም።

እስቲ ብሥራተ ወንጌልን እናስታውስ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1952 ዓ.ም. ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ፈቃድ ሰጠ። ጣቢያው የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ጀመረ፤ በሁለት ባለ100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች እስያ ድረስ ይሰማ ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው፤ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። መሣሪያው ያው፣ ድምፁ ሌላ!

ነገሩ በደርግ አላበቃም። አዋጅ ቁጥር 533/1999 የሃይማኖት ድርጅቶችን ፈቃድ ከለከለ፤ አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በሩን መልሶ ከፈተላቸው። ሰጪው ሲለወጥ ፈቃዱም ይለወጣል። ታዲያ አንቀጹን ያላነበበ አድማጭ፣ የሚወደው ጣቢያ የተዘጋ ዕለት ምን ብሎ ይሟገታል?