የብራና ዘብ

ክታብ
ኢትዮጵያ፣ 18ኛው–20ኛው ክፍለ ዘመን
ብራና፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም

ከመንደር ወጥቶ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጫካ የወረደ ሰው በቀትር ጋኔን እንዳይለከፍ ይፈራ ነበር። ክታብ ይህን ጠላት፣ ቡዳንና ዓይነ ጥላንም ጭምር፣ እንዲመክት የተጻፈ ነው።

ደብተራው ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ የተዘጋጀውን ብራና ቀጣጥሎ ይሰፋዋል። ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅም ርዝመቱን ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ይለካዋል። ጸሎቱ በግእዝ ነው። «መርበብተ ሰሎሞን» በተባለው ጸሎት ንጉሡ አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ ያጠምዳል።

በሥዕሎቹ ላይ መላእክት ሰይፍ መዘው ዘብ ይቆማሉ፤ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ ሕፃናት ገዳይዋን ወርዝልያን በጦር ይወጋል። የጠልሰሙ ዓይኖች የሚያፈጡት ጋኔኑን ለማባረር ነው።

ክታቡ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ ወይም ከመኝታ አጠገብ ይሰቀላል። በለንደን እንዲህ ያሉ ክታቦች በብሪቲሽ ላይብረሪና በዌልካም ኮሌክሽን ይገኛሉ።

የባለቤቱ የክርስትና ስም ብዙ ጊዜ በቀይ ይጻፋል። ክታቡ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ ሊተካበት ይችላል፤ በቀዩ ጽሕፈት መካከል የመፋቅ ምልክት ይፈልጉ።