ዳራን ከምስል የመለየት ታሪክ፦ ከፋብሪያኖ ወረቀት እስከ አልፋ ቻናል



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጉዳይ ሲያዩት ቀላል የሚመስል ነው። አንድ ዓርማ በሰነድ ላይ እንደ ውኃ ምልክት ሲያርፍ፣ ነጭ ዳራው አብሮት ከመጣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ይሸፍናል። ታዲያ ኮምፒውተር ዳራውን ከዓርማው በምን ይለየዋል? የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የውኃ ምልክት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ በኢጣሊያዋ ፋብሪያኖ ሲጀመር ይህ ችግር አልነበረበትም። ወረቀት ሠሪው የሽቦ ቅርጽ በወንፊቱ ላይ ያስር ነበር፤ ሽቦው ባረፈበት ቦታ ወረቀቱ ስለሚሳሳ፣ ወደ ብርሃን ሲያዩት ምልክቱ ይገለጣል። ምልክቱ ራሱ ወረቀቱ ነበርና የሚወገድ ዳራ አልነበረውም። ችግሩ የተወለደው ምልክቱ ከወረቀቱ ተለይቶ በራሱ አራት ማዕዘን ምስል ውስጥ ሲቀመጥ ነው።

በ1979 ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ኦትሱ አንድ ዘዴ አሳተመ። የምስሉ ነጥቦች በግራጫ ደረጃቸው፣ ለምሳሌ ከ0 እስከ 255፣ ይቆጠራሉ፤ ከዚያም ብሩሁንና ጨለማውን ወገን ይበልጥ የሚያራርቀው ወሰን በስሌት ይመረጣል። ዘዴው ያለ ሰው እርዳታ ይሠራል፤ ሆኖም በዓርማው ውስጥ ያለውን ነጭ ከዳራው ነጭ አይለይም። ከምስሉ ጠርዝ ጋር የተያያዘውን ነጭ ብቻ ብናስወግድስ? «ዐ» የሚለውን ፊደል አስቡ፤ በክቡ ውስጥ የታሰረው ነጭ ዳራ ሆኖ ሳለ ሳይነካ ይቀራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጠርዙ ነው። በጠርዝ ላይ ያለ ፒክሰል ከፊሉ ዓርማ፣ ከፊሉ ዳራ ነው፤ «ወይ ይህ ወይ ያ» ብለን ብንቆርጠው ነጭ ቅሪት ዓርማውን ይከብበዋል። ለዚህ መልስ የሰጡት በ1977 በኒው ዮርክ የቴክኖሎጂ ተቋም የሠሩት ኤድ ካትሙልና አልቪ ሬይ ስሚዝ ናቸው። ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቀጥሎ፣ ፒክሰሉ ምን ያህል እንደሚሸፍን የሚናገር አራተኛ ቁጥር ጨመሩ፤ አልፋ አሉት። በ1984 ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ የምስሎችን መደራረብ በዚሁ ቁጥር ላይ የቆመ ሥርዓተ ስሌት አበጁለት።

በ1996 ደግሞ ስሚዝና ጂም ብሊን የጉዳዩን ወሰን አሳዩ። ከአንድ ምስል ሦስት የቀለም እኩልታዎች እናገኛለን፤ የማናውቃቸው ግን ሦስቱ ቀለሞችና አልፋ፣ በድምሩ አራት ናቸው። ስለዚህ የዳራው ቀለም ቢታወቅ እንኳ፣ ተጨማሪ ግምት ካልታከለበት ጥያቄው አንድ ብቸኛ መልስ የለውም። ያው ነገር በሁለት የተለያዩ ዳራዎች ፊት ከተነሣ ግን እኩልታዎቹ ስድስት ይሆናሉ፤ መልሱም ይገኛል።

ይህን የማነሣው ለሒሳቡ ውበት ብቻ አይደለም። በብራና መጻሕፍታችን የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። ቀዩ ቀለም በግራጫ ሲታይ በጥቁሩና በብራናው መካከል ይወድቃል፤ ወሰኑ ጥቂት ዝቅ ካለ፣ የከበረው ስም ከዳራው ጋር ተጠርጎ ይጠፋል። ዳራ ማለት በምስሉ ውስጥ ተጽፎ የሚገኝ ነገር ሳይሆን የእኛ ፍርድ ነው። ስለዚህ ፍርዱን ለማሽን ስንሰጥ ዋናውን ቅጂ ሳንነካ እናኑር፤ ዓርማውንም ከነአልፋው በሌላ ፋይል እናስቀምጥ።