ክር ያለ ሰም

እ.ኤ.አ. በ1806 ናፖሊዮን የእንግሊዝን ንግድ ከአውሮፓ ወደቦች ሲያግድ፣ ችግሩ የስኮትላንዷ ፔዝሊ ከተማ ሸማኔዎች ዘንድ ደረሰ። በሽመና ዕቃቸው ላይ ድሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት ቀለበቶች ከሐር ይሠሩ ነበር፤ ሐሩ ጠፋ። ፓትሪክ ክላርክ የሚባል የከተማው ሰው የጥጥ ፈትል ደርቦ አክርሮ ሐሩን የሚተካ ክር አወጣ። ክሩ ከሽመናው ወደ ስፌት ተሻገረ፤ በ1812ም ክላርኮች ፋብሪካ ከፈቱ። በኋላ በእንጨት ማጠንጠኛ ተጠቅልሎ ሲሸጥ፣ ገዢው ለማጠንጠኛው ግማሽ ፔኒ ያስይዝ ነበር፤ ባዶውን ሲመልስ ገንዘቡን ይቀበል ነበር።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ጦርነቱንና ፋብሪካውን ያነሳሉ። እኔ ዕድሜዬን በስፌት የጨረስኩ ሰው ነኝና ዓይኔ የሚያርፈው ክሩ በተቀባው ነገር ላይ ነው። ጥጥ ቃጫው አጭር ነው፤ የቱንም ያህል ቢከር ጫፍ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ይሻክራል። ስለዚህ ስታርችና ሰም ቀብተው በብሩሽ ያሹት ነበር። ለእጅ ስፌት ይህ በቂ ነው። አባቴም ቁልፍ ሊተክል ሲል ክሩን በሰም ላይ ሳብ ሳያደርግ መርፌ አይጨብጥም ነበር።

ነገሩን የለወጠው መኪናው ነው። ሲንጀር በ1851 የስፌት መኪናውን ፓተንት ካወጣ በኋላ፣ ያ በሦስት ፈትል የተከረረ ደረቅ ክር ለመኪናው አልመች አለ። በ1860ዎቹ የዚያው ቤተሰብ አባል ጆርጅ ክላርክ አሜሪካ ውስጥ በስድስት ፈትል የተከረረ ለስላሳ ክር ለገበያ አቀረበ። ሥራው ግን በዚህ አላበቃም። በመኪና ስፌት አንዱ የክር ቁራጭ ጨርቁ ላይ ከመቅረቱ በፊት በመርፌው ቀዳዳ በአሥር የሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳል። በእያንዳንዱ ምልልስ ይፋቃል፣ ይሳሳል፤ ብናኙም መኪናው ውስጥ ይጠራቀማል።

በ1941 እንግሊዝ ውስጥ ፖሊስተር ተገኘ፤ ከዚያም ውስጡ ፖሊስተር፣ ላዩ ጥጥ የሆነ ክር መጣ። ጥንካሬውን ፖሊስተሩ ይሰጣል፤ ጥጡ ደግሞ ከሙቀት ይከላከልለታል። በደቂቃ በሺዎች የሚወጋ መርፌ እጅግ ይግላል፤ ፖሊስተር በ260 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ጥጥ ግን አይቀልጥም። ያም ሆኖ ጥጡ ብቻውን አያድነውም። የዛሬ ፋብሪካዎች ሲሊኮንና ሰም የሚቀቡት ክሩ መርፌውን ሳያግል እንዲንሸራተት ነው።

ቅባቱ ሲያንስ ክር ይበጠሳል። ሲበዛ የመኪናው መወጠሪያ ክሩን መያዝ ያቅተዋል፣ ስፌቱ ይላላል፣ ነጭ ጨርቅም ይቆሽሻል። ከሁሉ የሚከፋው ግን አንዱ ጋ በዝቶ ሌላው ጋ ያነሰ ቅባት ነው፤ እንዲህ ላለው ክር መወጠሪያውን ብታጠብቁትም ብታላሉትም መላ የለውም።

እናንተ የሙያ ጓደኞቼ፣ ክር በተበጠሰ ቁጥር መኪናውን ለመፍታት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ክሩን ረዘም አድርጋችሁ በጣታችሁ መሃል ሳቡት፤ አንዱ ጋ ልሞ ሌላው ጋ ከሻከረ፣ ጥፋቱ የክሩ ነውና ለሻጩ መልሱት።