መዳብን ከቆሻሻ ያለ ብርቱ አሲድ መለየት፡ የኬሚስትሪ ትምህርት ከቆሼ ምን ይማራል?

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ረጲ፣ በብዙዎች አጠራር ቆሼ፣ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት የመዲናዋ ዋነኛ የደረቅ ቆሻሻ መጣያ ኾኖ ቆይቷል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በ2010 ዓ.ም ደግሞ ቆሻሻን እያቃጠለ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ በስፍራው ተመርቋል።

እሳት ግን ብረታ ብረትን አያጠፋም፤ በአመድና በጭስ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከመቃጠሉም ከመጣሉም በፊት መለየት ይገባዋል። ቆራሌው ከየደጁ የሚሰበስበው አሮጌ ሬዲዮ፣ ስልክና ኬብል መዳብ ይዟል፤ በስልክና በኮምፒውተር ውስጥ ጥቂት ወርቅም ይገኛል። እ.ኤ.አ በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አመንጭታለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ግን ከሩብ በታች ነው።

የተለመደው የመለያ መንገድ አደገኛ ነው። መዳብ ለማግኘት ኬብል ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ይወጣል። ወርቅ ለማውጣት የሚውለው የናይትሪክና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቅይጥ ሳንባን ይጎዳል፤ የሚደፋው ዝቃጭም እርሳስን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን ይዞ አፈርና ወንዝ ውስጥ ይገባል። የምዕራብ አዲስ አበባን ፍሳሽ የሚቀበለው ትንሹ አቃቂ ወንዝ በታችኛው ተፋሰስ አትክልት ይለማበታል። ከባድ ብረት አይበሰብስም፤ ከአፈር ወደ ጎመንና ሰላጣ፣ ከዚያም ወደ ገበታ ይሻገራል።

አረንጓዴ ኬሚስትሪ የሚባለው የትምህርት ዘርፍ ለዚህ ችግር አማራጭ ይፈልጋል። ፖል አናስታስ እና ጆን ዋርነር እ.ኤ.አ በ1998 ያቀረቧቸው 12 መርሖዎች ቆሻሻን ከማጽዳት አስቀድሞ መከላከልን፣ ጎጂ አሟሚዎችንም ባነሰ ጉዳት በሚሠሩ መተካትን ያስተምራሉ።

አንዱ ምሳሌ ለአርሶ አደሩ እንግዳ አይደለም። ዩሪያ ማዳበሪያ ነው፤ ኮሊን ክሎራይድ ደግሞ በዶሮ መኖ ላይ ይጨመራል። ለየብቻቸው ጠጣር የኾኑት ሁለቱ፣ ለአንድ ሞል ኮሊን ክሎራይድ ሁለት ሞል ዩሪያ ተመጥኖ ሲቀላቀሉ በ12 ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ ፈሳሽ ይኾናሉ። ፈሳሹም የመዳብ ኦክሳይድን ያሟማል። ይህን በእንግሊዝ የሌስተር ዩኒቨርሲቲው አንድሪው አቦት እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ በ2003 አሳውቀዋል።

መርሖውን በክፍል ውስጥ ለማሳየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በመምህር ክትትል፣ የደበዘዘ የመዳብ ሽቦ የሎሚ ጭማቂና ጨው ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይነከራል። ሲትሪክ አሲዱ በሽቦው ላይ ያለውን ኦክሳይድ ያሟማል። ቀጥሎ ንጹሕ የብረት ሚስማር ሲገባ ከፈሳሹ የወጣው መዳብ ቀይ ቡናማ ሽፋን ኾኖ ይለጠፍበታል።

አረንጓዴ ማለት ግን ጉዳት አልባ ማለት አይደለም። የዩሪያው ቅይጥ ዝልግልግ በመኾኑ ሥራው ዝግተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜም ማሞቅ ይጠይቃል። መዳብ የሟሟበት የሎሚ ጭማቂም አይጠጣም፤ በየቦዩም አይደፋም። ተማሪው ምን ያህል መዳብ እንዳወጣ ብቻ ሳይኾን፣ ምን ያህል ኃይል እንደፈጀና የተረፈው ፈሳሽ ወዴት እንደሚሄድ ማስላት አለበት። ከቆሼ በታች ላለው ወንዝና ማሳ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው።