የማይሰማ ሕመም፦ የደም ግፊት ሕክምና ታሪክና የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሞት

የደም ግፊት በሽታ በአገራችን «ደም ብዛት» እየተባለ ይጠራል። ስያሜው የተለመደ ቢሆንም የበሽታውን ጠባይ በትክክል አይገልጸውም። በበሽተኛው ሰውነት ውስጥ የበዛው የደም መጠን ሳይሆን ደሙ በሥሮች ግድግዳ ላይ የሚያሳድረው ኃይል ነው። ይህን ኃይል መለካት መቻል አንድ ነገር ሲሆን፣ ከፍ ሲል መታከም እንደሚገባው ማመን ግን ሌላ ነገር ነበር። በሁለቱ መካከል ከስድሳ ዓመታት በላይ አልፈዋል።

ግፊትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለክቶ ውጤቱን ያሳተመው እንግሊዛዊው ቄስና ተመራማሪ ስቲቨን ሄልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1733 ባወጣው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ በአንዲት ባዝራ የደም ቅዳ ሥር ውስጥ የነሐስ ቧንቧ አስገብቶ ከረጅም የመስታወት ቱቦ ጋር ባገናኘው ጊዜ ደሙ ከስምንት ጫማ በላይ ከፍ ብሏል። ይህ ዘዴ ለሰው የሚሆን አልነበረም። በ1896 ጣሊያናዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ በክንድ ላይ የሚጠመጠም፣ በአየር የሚነፋ መለኪያ አስተዋወቀ። በ1905 ደግሞ ሩሲያዊው ወታደራዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮፍ፣ መጠምጠሚያው ሲላላ በማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ በመከተል የላይኛውንና የታችኛውን ግፊት መለየት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬም በየጤና ተቋሙ በማዳመጫ የሚደረገው ልኬት የተመሠረተው በዚሁ ግኝት ላይ ነው።

መለኪያው ቢገኝም የቁጥሩ ትርጉም ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ሆኖ ቆየ። በዘመኑ ብዙ ሊቃውንት ግፊቱ ከፍ የሚለው ደም በጠበቡ ሥሮች አልፎ ወደ ኩላሊትና ወደ አንጎል እንዲደርስ ሰውነት ራሱ ስለሚፈልገው ነው ብለው ያምኑ ነበር። ታዋቂው አሜሪካዊ የልብ ሐኪም ፖል ደድሊ ኋይት እንኳ በ1931 በታተመው መጽሐፋቸው ግፊቱ ምናልባት ሊነካ የማይገባው የሰውነት መከላከያ ሊሆን እንደሚችል ጽፈው ነበር። ግፊቱን ያለአደጋ የሚቀንስ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ይህ አመለካከት ሐኪሙንም ሕመምተኛውንም የሚያጽናና ነበር።

የዚህ አመለካከት ዋጋ በግልጽ የታየው በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ላይ ነው። የፕሬዚዳንቱ ግፊት በ1937 162/98፣ በ1941 ደግሞ 188/105 ነበር። የግል ሐኪማቸው ሮስ ማኪንታየር የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስት ሲሆኑ፣ ፕሬዚዳንቱ በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ለሕዝብ ይገልጹ ነበር። በመጋቢት ወር 1944 ወጣቱ የልብ ሐኪም ሃዋርድ ብሩን በቤተዝዳ የባሕር ኃይል ሆስፒታል ሲመረምሯቸው ግን ግፊቱ 186/108 ሆኖ፣ ልባቸው ሰፍቶና ለድካም ተዳርጎ አገኙት። የታዘዘላቸው ሕክምና ዕረፍት፣ ጨው የተቀነሰበት ምግብ፣ ክብደትና ሲጋራ መቀነስ፣ እንዲሁም ለልብ ድካሙ ዲጂታሊስ ነበር። የልብ ድካሙ ለጊዜው ቢሻሻልም ግፊቱ ሊገታ አልቻለም፤ በ1944 መጨረሻ ገደማ 260/150 የደረሰበት ጊዜ ነበር። ዶክተር ብሩን በኋላ እንደጻፉት፣ ፕሬዚዳንቱ ይህን ሁሉ ምርመራ ሲያደርጉላቸው ስለ ምክንያቱ አንድም ጊዜ አልጠየቁም።

ሩዝቬልት በዚህ ሁኔታ ላይ ሳሉ ለአራተኛ ጊዜ ተመረጡ፤ በየካቲት 1945 በያልታ ጉባኤም ተገኙ። ከዚያ ሲመለሱ የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. በግብፅ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ። ንጉሠ ነገሥቱ ያነጋገሯቸው ሰው በሕይወት የቀራቸው ዕድሜ ሁለት ወር ብቻ ነበር። ሚያዝያ 4 ቀን 1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. አፕሪል 12 ቀን 1945) ሩዝቬልት በጆርጂያ ዋርም ስፕሪንግስ ምስላቸው እየተሳለ ሳለ ከባድ የራስ ምታት እንደተሰማቸው ተናግረው ራሳቸውን ሳቱ። ዶክተር ብሩን ሲለኩት ግፊቱ 300/190 ነበር። በአንጎል ውስጥ በፈሰሰ ደም ምክንያት በዚያው ዕለት በ63 ዓመታቸው አረፉ። ማኪንታየር አደጋው ድንገተኛ ነበር አሉ፤ የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ግን ለዓመታት የተጓዘ ሕመም እንደነበር ይመሰክራል።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ1948 ተተኪያቸው ሃሪ ትሩማን የብሔራዊ የልብ ሕግን ፈረሙ፤ በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ በምትገኘው ፍራሚንግሃም ከተማ በ5,209 ወንዶችና ሴቶች ላይ ለረጅም ዘመን የሚቀጥል ጥናት ተጀመረ። ጥናቱ ከፍተኛ ግፊት ያላቸው ሰዎች፣ ምንም የሕመም ስሜት ባይኖራቸውም እንኳ፣ በልብ ሕመምና በስትሮክ የመጠቃት ዕድላቸው ከሌሎች የበለጠ መሆኑን አረጋገጠ። ግፊት የሰውነት መከላከያ ነው የሚለው እምነት በዚህ ተናጋ።

ግፊቱን መቀነስ ሕይወት እንደሚያድን ግን ገና መረጋገጥ ነበረበት። በ1950ዎቹ ሪሰርፒንና በአፍ የሚወሰደው ክሎሮታያዛይድ ከተገኙ በኋላ፣ ዶክተር ኤድዋርድ ፍሬስ የታችኛው ግፊታቸው ከ115 እስከ 129 የሆነ 143 የቀድሞ ወታደሮችን በሁለት ቡድን ከፍለው አጠኑ። በ1967 የወጣው ውጤት የማያሻማ ነበር፤ መድኃኒት ከወሰዱት መካከል ከባድ አደጋ የደረሰው በ2 ሰዎች ላይ ሲሆን፣ የመድኃኒት አምሳያ ብቻ ከወሰዱት ግን በ27 ሰዎች ላይ ደርሷል። በ1970 የወጣው ተከታይ ጥናት ጥቅሙ ግፊታቸው መካከለኛ ለሆነ ሰዎችም እንደሚደርስ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የተጨመሩት መድኃኒቶች ለሕመምተኛው የሚስማማውን ለመምረጥ ሰፊ ዕድል ሰጥተዋል።

ዛሬ ሩዝቬልት ያላገኙት ሕክምና በብዙ አገሮች በአነስተኛ ዋጋ ይገኛል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንደገለጸው፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑት ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት የደም ግፊት አለባቸው፤ ከእነዚህም 46 በመቶው ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም፣ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው 21 በመቶው ብቻ ነው። አንዱ ምክንያት በሽታው ስሜት የሌለው መሆኑ ነው። ራስ ምታት ሲሰማው ብቻ መድኃኒት የሚውጥ፣ ሲሻለው የሚያቆም ወይም ለጎረቤቱ የታዘዘውን የሚወስድ ሕመምተኛ ለሐኪም እንግዳ አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ጥፋተኛ ተብሎ ከሚገሠጽ ይልቅ ለምን እንደሚታከም ሊነገረው ይገባል፤ ክኒኑ የዛሬን ራስ ምታት ለማስታገሥ ሳይሆን የነገን ስትሮክ፣ የልብ ድካምና የኩላሊት መድከም ለመከላከል ነውና።

ጨው መቀነስ፣ ክብደትን መጠበቅ፣ ሲጋራን መቀነስና በየጊዜው መለካት ለሩዝቬልትም የተመከሩ ነበሩ። በ1944 የጎደለው መድኃኒት ዛሬ አለ። ፕሬዚዳንቱ ለሐኪማቸው ያላቀረቡትን «ግፊቴ ስንት ነው? ምን ላድርግ?» የሚለውን ጥያቄ ግን እያንዳንዱ ሕመምተኛ ራሱ መጠየቅ፣ ሐኪሙም ጊዜ ወስዶ መመለስ ይኖርበታል።